የቡና አድርቅ በሽታ መቼ ገባ? የሄርባሪየም ናሙና የሚመልሰውና የማይመልሰው

ጥያቄ

አንዲት የዕፅዋት ጥበቃ የማስተርስ ተማሪ ከጅማ ያቀረበችው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የመመረቂያ ጽሑፌ በቡና አድርቅ በሽታ ላይ ነው። በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ መቼ እንደገባና እንዴት እንደተስፋፋ የሚያሳይ ካርታ ከሄርባሪየም (ከደረቁ ዕፅዋትና ፈንገሶች ክምችት) መዝገቦች መሥራት አስቤያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ካሉ የመረጃ ቋቶች ያገኘሁትን አወረድኩ። ጥቂት ናቸው። አንዳንዱ ጂበሬላ ይላል፣ አንዳንዱ ፉዛሪየም። ሁለት በሽታ ነው ወይስ አንድ? የመጀመሪያው ናሙና የተሰበሰበበትን ዓመት በሽታው የገባበት ዓመት ብዬ መውሰድ እችላለሁ? መዝገብ የሌላቸውን ወረዳዎች ከበሽታው ነፃ ብዬ ባስቀምጥስ? ከድሮ ናሙና ዲኤንኤ አውጥቶ ዝርያውን ማረጋገጥስ ይቻላል?»

ምላሽ

ካርታውን አሁን ባሰብሽው መንገድ አትሥሪው። ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። መዝገቦቹ የማያውቁትን ነገር እየጠየቅሻቸው ስለሆነ ነው። ጥያቄዎችሽን እመልሳለሁ፤ መጨረሻ ላይ ምን ብታደርጊ እንደሚሻል እነግርሻለሁ። ዓመቶቹን ካልገለጽኩ በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ይህን ለምን እንደምል ወረድ ብለሽ ታያለሽ።

መጀመሪያ መዝገብ ምን እንደሆነ እንስማማ። ስክሪን ላይ የምታዪው አንድ መስመር ነው። ስም፣ አገር፣ ዓመት፣ አለቀ። ከዚያ መስመር ጀርባ ግን መዳፍ የሚያክል የወረቀት እጥፋት አለ። እጥፋቱን ስትከፍቺው ከጣት የማይበልጥ የደረቀ የቡና ቅርፊት ታገኛለሽ። በእጅ መነጽር ጠጋ ብለሽ ስታዪው፣ የቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ፣ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ፈንገሱ ስፖሮቹን የሚያፈራባቸው ከረጢቶች ናቸው። እጥፋቱ ላይ ደግሞ መለያ ወረቀት ተለጥፏል። ቁጥሩ፣ የዛፉ ስም፣ ቦታው፣ የሰብሳቢው ስም፣ ቀኑና ፈንገሱን የለየው ሰው ፊርማ አለበት። አንዳንዴ በእርሳስ የተጻፈ፣ አንዳንዴ ሌላ ባለሙያ ከዓመታት በኋላ ስሙን ሰርዞ ያረመበት ነው።

ይህ እጥፋት የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ላይ ይህን ነገር አገኘ። ምስክርነቱ ጠንካራ ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላም ሄደሽ በዓይንሽ ልታረጋግጪው ትችያለሽ። ጽሑፍ ላይ ብቻ የተጠቀሰ በሽታ ይህ ዕድል የለውም። ጸሐፊው ተሳስቶ ቢሆን የምትፈትሺበት ነገር የለሽም። ሄርባሪየምን የምወደው ለዚህ ነው። ነገር ግን ምስክሩ ያላየውን ጠይቀሽ መልስ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ስሞቹ። ጂበሬላ ዛይላሪዮይደስና ፉዛሪየም ዛይላሪዮይደስ ቡናውን የሚያደርቀው የአንዱ ፈንገስ ሁለት ስሞች ናቸው። ብዙ ፈንገሶች ሁለት ዓይነት አኗኗር አላቸው። በአንዱ ያለ ጾታ ይራባሉ፤ በሌላው በጾታ። ሁለቱ መልኮች ለዓይን ስለማይመሳሰሉ ድሮ ለየብቻ ስም ይወጣላቸው ነበር። የዚህን ፈንገስ ያለ ጾታ የሚራባ መልክ ቤልጂየማዊው ስቴያርት በ1948 ገለጸው፤ ስሙንም ፉዛሪየም አለው። ሃይምና ሳካስ የተባሉት ተመራማሪዎች ደግሞ በ1950 በጾታ የሚራባውን መልክ ጂበሬላ ብለው ሰየሙት። ቅርፊቱ ላይ ያሉት ጥቁር ከረጢቶች የዚህኛው መልክ ናቸው። ሁለት ስም መያዝ በደንቡ የተፈቀደ ነበር። በ2011 ሜልቦርን ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ይህን አስቀረው፤ አንድ ፈንገስ አንድ ስም ሆነ። ዛሬ የምንጠቀመው ፉዛሪየም የሚለውን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ክምር አንድ ላይ አድርጊያቸው።

ግን እዚህ ላይ አታቁሚ። ዋናው ችግር በእነዚህ ሁለት ስሞች ያልተመዘገበው ነው። ስቱዋርት የተባለ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ በ1957 በከፋ ጠቅላይ ግዛት የሚደርቁ የቡና ዛፎችን አይቶ ዘግቧል። የሰጠው ስም ግን ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም የሚለው ነበር። ክራንዝና ሞክ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኢትዮጵያው በሽታ ጂበሬላ ዛይላሪዮይደስ መሆኑን ያረጋገጡት። በዛሬው ስም ብቻ ፈልገሽ ከሆነ ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ በሙሉ አምልጦሻል። በሌላ በኩል ቡና ላይ የተገኘ ኦክሲስፖረም ሁሉ ይህ በሽታ ነው ማለት አትችዪም። ኦክሲስፖረም አፈር ውስጥና ሥር ላይ በየቦታው የሚኖር ፈንገስ ነው። የሞተ ሥር ላይ ስታገኚው ገዳዩ እሱ ላይሆን ይችላል። የትኛው የቱ እንደሆነ ከኮምፒውተሩ መስመር አይታወቅም። እጥፋቱን መክፈት ግድ ነው።

ስም እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል ለማየት የአውሮፓን አሽ ዛፍ ታሪክ ተመልከቺ። አሽ የወይራችን ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖላንድ ውስጥ አሽ ከጫፉ ጀምሮ መድረቅ ጀመረ። ፈንገሱ በ2006 ተለይቶ ስም ወጣለት። ከዚያ በ2009 ተመራማሪዎች በጾታ የሚራባው መልኩ ሃይመኖሲፈስ አልቢደስ ነው አሉ። ይህ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ፣ በረገፈ ቅጠል አጥንት ላይ የሚበቅል፣ ማንንም የማይጎዳ ትንሽ ነጭ ፈንገስ ነው። ሁሉም ግራ ተጋባ። ለዘመናት ሰላማዊ የነበረው ነገር አሁን ለምን ዛፍ ይገድላል?

መልሱ የተገኘው በከፊል ከሄርባሪየም እጥፋቶች ነው። ተመራማሪዎች አልቢደስ የሚል መለያ የተለጠፈባቸውን የቆዩ ናሙናዎች አውጥተው ዲኤንኤያቸውን መረመሩ። በዓይን የማይለዩ ሁለት ዝርያዎች ተገኙ። አንዱ የአገሬው ሰላማዊ ነው። ሌላው ገዳዩ፣ ዛሬ ሃይመኖሲፈስ ፍራክሲነስ የሚባለው ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ገዳዩ ወረርሽኙ እዚያ ከመነሳቱ 30 ዓመት ያህል ቀድሞ እንደነበረም ተዘገበ። መለያው ላይ ግን አልቢደስ ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ቀጥሎ ደግሞ ጃፓን ውስጥ በ1993 በሌላ ስም የታተመ ፈንገስ ይኸው ገዳይ ሆኖ ተገኘ። የምሥራቅ እስያ ተወላጅ መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው። መለያውን የጻፉት ሰዎች አልተሳሳቱም። በጊዜያቸው በነበረው ዕውቀት ትክክል ነበሩ። አንቺ ግን ዛሬ ያንን ስም እንዳለ ገልብጠሽ ካርታ ላይ ብታኖሪው ስህተቱ ያንቺ ይሆናል።

አሁን «መቼ ገባ» ወደሚለው። ይህን ጥያቄ ስታነሺ አንድ ነገር ሳታስቢው ተቀብለሻል። በሽታው ከውጭ የመጣ እንደሆነ አድርገሽ ይዘሽዋል። ማስረጃው ምንድን ነው? ዓለም ላይ በሽታው መጀመሪያ የታየው በ1927 የዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ፣ ኤክሴልሳ በተባለ የቡና ዝርያ ላይ ነው። የኛው የተዘገበው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያየ ሰው ከዚያ ተነስቶ ወደ እኛ መጣ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያው ፈንገስ የእኛን የቡና ዝርያ አረቢካን እንጂ ሮቡስታ የተባለውን ሌላ የቡና ዝርያ አያጠቃም። ኮንጎንና ኡጋንዳን የመታው ደግሞ ሮቡስታን እንጂ አረቢካን አያጠቃም። በዘረመልም ይለያያሉ። አረቢካ በዱር የሚበቅለው በዋናነት እዚሁ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ውስጥ ነው። የአረቢካው ፈንገስ ከዛፉ ጋር ለረጅም ጊዜ እዚሁ የኖረ ሊሆን እንደሚችል በቁም ነገር መታየት አለበት። የእኔ ግምት ወደዚህ ያዘነብላል። በሄርባሪየም መዝገብ ብቻ ግን ይህንንም ያንንም ማረጋገጥ አይቻልም።

ታዲያ 1957 ምንድን ነው? የሚያይ ሰው የመጣበት ዓመት ነው። 1950ዎቹ የግብርና ትምህርት ቤቶች የተከፈቱበት፣ የሠለጠነ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ ወደ ቡናው አገር መሄድ የጀመረበት ዘመን ነው። ገበሬውማ ከዚያ በፊት ዛፉ ሲደርቅ አያይም ነበር ማለት አይደለም። አይቶ ነቅሎ አቃጥሎታል፣ ወይም ለማገዶ ወስዶታል። በወረቀት ጠቅልሎ ሄርባሪየም አልላከውም።

1971ን እይው ደግሞ። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ያ ጥቁር አድርጎ ፍሬውን የሚያረግፈው፣ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚያ ዓመት ነው። ድንጋጤው ከፍተኛ ነበር። የአገር ውስጥም የውጭም ባለሙያ ወደ ቡና ጫካ ተመመ። አድርቁ በትክክል የተለየው በዚያው ሰሞን መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም። ፍሬውን ሊያይ የሄደ ዓይን ግንዱንም ያያል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የመዝገቡ ቁጥር ጨምሮ ብታገኚ፣ የጨመረው በሽታው ነው ወይስ የሚያየው ሰው? ይህን ሳትለዪ «ተስፋፋ» የሚል ቃል አትጻፊ።

መዝገብ የሌለበት ወረዳ ነፃ ነው ወይ ላልሽው መልሱ አይደለም ነው። ይህን ነገር ጠንከር አድርጌ የምልሽ ብዙ ጥሩ ጽሑፍ እዚህ ላይ ሲበላሽ ስላየሁ ነው። ሰብሳቢ መኪናው በሚደርስበት ይሰበስባል። የምርምር ጣቢያ አጠገብ ይሰበስባል። የመስክ አበል በተገኘበት ወር ይሰበስባል። እነዚህን ነጥቦች ካርታ ላይ ስታስቀምጪያቸው የምታገኚው የመንገድ ካርታ ነው። በሽታው ዛሬ በጫካ ቡናም በጓሮ ቡናም፣ በደቡብ ምዕራቡም በጌዴኦም በኩል የሚታወቅ ነው። የሄርባሪየም እጥፋት ግን ለእያንዳንዱ ወረዳ አልተቀመጠም። «ነፃ» ብለሽ የቀባሽውን ወረዳ አይቶ አንድ ሰው ችግኝ ከዚያ ቢያጓጉዝ ጉዳቱ ወረቀት ላይ አይቀርም።

የኛ ናሙናዎች ለምን ጥቂት ሆኑ ብለሽ ሳታስቢ አትቀሪም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1959 የተመሠረተ ነው፤ ጉልበቱን ያዋለው በዋናነት በአበባ ተክሎች ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጣሊያኖች ሰብስበዋል። ካስቴላኒና ቺፈሪ የተባሉት በ1937 የምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸውን ፈንገሶች ዝርዝር አሳትመዋል። ስቱዋርትና ዳኛቸው ይርጉ ደግሞ በ1967 የኢትዮጵያ የዕፅዋት በሽታዎችን ማውጫ አዘጋጅተዋል። ይህን ማውጫ ሳታነቢ ሥራሽን አትጀምሪ። ለመለየት ወደ ውጭ የተላከ ናሙና ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው ቀርቷል። እንግሊዝ ውስጥ የሚገኘው የኪው የፈንገስ ክምችት ከ1.25 ሚሊዮን በላይ ናሙና አለው። ከመላው ዓለም የታመሙ ሰብሎች ናሙና ይላክለት የነበረው የቀድሞው የማይኮሎጂ (የፈንገስ ጥናት) ኢንስቲትዩት ደረቅ ክምችትም በ2009 ወደዚያው ተዛውሯል። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል ያለውም አንድ ሚሊዮን ገደማ ይዟል። ከእነዚህ ክምችቶች ገና ኮምፒውተር ላይ ያልወጣ ብዙ አለ። ስለዚህ ያወረድሽው ዝርዝር ካለው ናሙና ውስጥ የተተየበው ብቻ ነው።

ቦታና ቀን ላይ ደግሞ የኛ አገር ልዩ ወጥመዶች አሉ። የውጭ ሰው የጻፈው መመሪያ ላይ አታገኚያቸውም። መለያው «ከፋ» ቢልሽ ወዲያው ቦንጋ ላይ ነጥብ አታኑሪ። በንጉሡ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። ሊሙም ማጂም በዚያው ውስጥ ነበሩ። ከፋ የሚል ናሙና ዛሬ አንቺ ከተቀመጥሽበት ሰፈር አጠገብ የተነሳ ሊሆን ይችላል። መረጃ ቋቱ ላይ ያለውን የካርታ ነጥብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰብሳቢው አልሰጠውም። ከዘመናት በኋላ አንድ ሠራተኛ የቦታውን ስም አይቶ መሐሉን ገምቶ ያስቀመጠው ነው። ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ናዝሬትና አዳማ አንድ መሆናቸውን ኮምፒውተሩ አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ።

ቀኑ ከዚህ ይብሳል። ለምሳሌ መለያው ላይ 12/3/64 የሚል ቢጻፍ ምን ትያለሽ? የውጭ ሰው ማርች 12 ቀን 1964 ወይም እንደ አሜሪካኖቹ ዲሴምበር 3 ብሎ ያነበዋል። ሰብሳቢው ኢትዮጵያዊ ከሆነና በእኛ አቆጣጠር ጽፎት ከሆነ ግን ኅዳር 12 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ሲቀየር ኖቬምበር 22 ቀን 1971 ይሆናል። ሰባት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት አለው። የመጀመሪያ መዝገብ ለምትፈልግ ተማሪ ይህ ልዩነት መደምደሚያዋን ይገለብጠዋል። የሰብሳቢውን ስም እይ፣ በዚያ ዓመት የት ይሠራ እንደነበር አጣሪ፣ ሌሎች መለያዎቹን አነጻጽሪ።

የዛፉ ስምም እንዲሁ። ለቡና ብዙ ችግር የለውም። ሌላ ዛፍ ላይ ስትሠሪ ግን ተጠንቀቂ። ጥድ ስንል የሐበሻ ጥድ ነው ወይስ የፈረንጅ ጥድ? ሁለት የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ አንዱ የአገሬው፣ ሌላው ከሜክሲኮ በኩል የመጣ። የሐበሻ ጥድን ልብ የሚያበሰብስ ፓይሮፎመስ ዴሚዶፊ የሚባል ጠንካራ የግንድ እንጉዳይ አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካሉ ሽማግሌ ጥዶች ላይ እንደ መደርደሪያ ወጥቶ የምታዪው ዓይነት ነው። መለያው ላይ «ጥድ» ብቻ ተጽፎ የመጣ የግንድ እንጉዳይ ካጋጠመኝ አብሮት ቅጠል ወይም የእንጨት ቁራጭ ከሌለ ምንም ልለው አልችልም። ሌላም አለ። የሞተ ግንድ ላይ የተገኘ ፈንገስ ዛፉን ገደለው ማለት አይደለም። ዛፉ በሌላ ነገር ሞቶ ሬሳውን ሊበላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ሰብሳቢ «ዛፉ በሕይወት ያለ» ወይም «የወደቀ ግንድ» ብሎ ይጽፋል። ያልጻፈ ብዙ ነው።

አንድ የቁጥር ስህተትም ልጠቁምሽ። አንድ ናሙና ተከፍሎ ለሁለት ሦስት ሄርባሪየም ይላካል። ከዚያው ናሙና ፈንገሱ በብልቃጥ እንዲያድግ ተደርጎ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት አራት መዝገብ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሰብሳቢ፣ ቀንና ቦታ አንድ ከሆኑ አንድ ብለሽ ቁጠሪ።

ዲኤንኤውስ? ይቻላል፣ ገደብ ግን አለው። የደረቀ ናሙና ዲኤንኤ ጊዜ በሄደ ቁጥር ይቆራረጣል። አጫጭር ቁርጥራጭ ታገኛለሽ፤ ረጅሙን አትጠብቂ። ቅርፊቱ ላይ ከዓመታት በኋላ የበቀለ ሻጋታም አብሮ ይወጣል፤ ውጤቱን ያደናግራል። ናሙናው ይቀነሳል። ስለዚህ ያለ ክምችቱ ኃላፊ ፈቃድ ቅንጣት መውሰድ አይቻልም። ሊከለክሉሽም ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ሌላው ነገር አይቲኤስ በሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ብቻ መታመን ነው። ለብዙ ፈንገስ ጥሩ ነው። ለፉዛሪየም ግን ዝርያ ለመለየት አይበቃም። ቴፍ አንድ የሚባለውን ጂን ጨምሪበት። ይህን ሳትጨምሪ «አረጋግጫለሁ» ብትዪ ገምጋሚ ይመልስብሻል፤ ልክም ነው።

በዚህ በሽታ ላይ የተሠራውን ትልቅ የዘረመል ሥራ አንብበሽ ከሆነ ልዩነቱን ልብ በዪ። ተመራማሪዎቹ በእንግሊዝ ክምችት ውስጥ በቅዝቃዜ ተይዘው የኖሩ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተሰበሰቡ ፈንገሶችን ቀስቅሰው ነው ሙሉ ዘረመላቸውን ያነበቡት። እነዚያ ሕይወት ያላቸው ነበሩ። የአረቢካውና የሮቡስታው መለያየት፣ ከኦክሲስፖረም ዘመዶቻቸው የተገኙ የሚመስሉ ጂኖች መኖራቸው የታየው በዚህ ነው። ከደረቀ ቅርፊት ይህን ያህል አትጠብቂ። የሄርባሪየም እጥፋት ሌላ ነው፣ በሕይወት የተያዘ ፈንገስ ሌላ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የድሮ ናሙና ስትነኪ ጓንት አድርጊ። ድሮ ነፍሳት እንዳይበሉት ናሙናን በሜርኩሪ ውህድ መቀባት የተለመደ ነበር። መርዝ ነው፤ በዓይን ላይታይ ይችላል። እጥፋቱን ምግብ በምትበዪበት ጠረጴዛ ላይ አትክፈቺ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ከዚህ ወዲያ አማራጭ አልሰጥሽም። ያወረድሽውን ዝርዝር እንደ ካርታ ሳይሆን እንደ ጥቆማ ያዢው። ለእያንዳንዱ መዝገብ ክምችቱ ላለበት ቦታ ጽፈሽ የመለያውንና የናሙናውን ፎቶ ጠይቂ። ኃላፊዎቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሳቸው በአብዛኛው ደስ ይላቸዋል። ፎቶው ሲመጣ ቦታውንና ቀኑን ራስሽ አንብቢ። ከዚያ በድሮ ናሙና የተጠቀሱትን ቦታዎች በእግርሽ ሂጂባቸው። መዝገብ የሌላቸውንም ቦታዎች ጨምሪ። በየቦታው እኩል ቁጥር ያለው ዛፍ እይ። ያጣሽውንም ጻፊ፤ «ሃምሳ ዛፍ አየሁ፣ አንድም አላገኘሁም» የሚል ማስታወሻ ከሌለሽ «የለም» የሚል ቃል የመጻፍ መብት የለሽም። ካርታሽ ላይ በናሙና የተረጋገጠውን፣ በጽሑፍ ብቻ የተጠቀሰውን፣ ተፈልጎ የታጣውንና ጭራሽ ያልታየውን በተለያየ ቀለም አሳዪ። አራተኛው ቀለም ሰፊውን ቦታ ይይዛል። አትፈሪው፤ እውነቱ ያ ነው።

የራስሽንም ናሙና አስቀምጪ። ቅጠሉ ባንድ ወገን የጠወለገ ዛፍ ስታገኚ ግንዱን ከመሬት ከፍ ብሎ በቢላ ፋቅ አድርጊው። ከቅርፊቱ ሥር ሰማያዊ ወደ ጥቁር ያዘነበለ ቀለም ታያለሽ። እርጥብ እንጨት ላይ ቀለም እንደፈሰሰ ይመስላል። ያንን የያዘ ቅርፊትና እንጨት ውሰጂ። በወረቀት ከረጢት እንጂ በፕላስቲክ አታድርጊው። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንድ ሳምንት የመስክ ናሙና በፕላስቲክ ከረጢት አሳድሬ በማግስቱ ሁሉም አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ አገኘሁት። ሳምንቱ ባከነ፣ ገበሬዎቹም ዛፋቸውን በከንቱ አስቆርጬባቸው ቀረ። ከግማሹ ናሙና ፈንገሱን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በብልቃጥ አሳድጊ። ሌላውን 40 ዲግሪ ገደማ ላይ አድርቂው፤ ከዚያ በላይ አታሙቂው፣ ዲኤንኤው ይጎዳል። ሲደርቅ አሽገሽ ለሳምንት ያህል ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው፤ ነፍሳቱ ይሞታሉ።

መለያው ላይ ቀበሌውን፣ የጂፒኤስ ነጥቡን፣ ከፍታውን፣ ገበሬው ለቡናው የሚሰጠውን ስም፣ ዛፉ በሕይወት መኖር አለመኖሩን ጻፊ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል። አንዱን ክፍል አገር ውስጥ፣ ብሔራዊ ሄርባሪየም ወይም እዚያው ያለ የታወቀ ክምችት ውስጥ አስገቢና የተሰጠውን ቁጥር ጽሑፍሽ ላይ ጥቀሺ። ውጭ አገር መላክ ካስፈለገ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ አውጪ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ 2006) የሚያዘው ይህን ነው፤ ፈንገስም ይመለከተዋል። ተቀባዩ አገርም የራሱን የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቅሻል። በሻንጣ ይዞ መሄድ የሚባል ነገር እንዳታስቢ።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያዬ ለገበሬው ቡና ነው። ይህ ፈንገስ በቁስል ይገባል። ገጀራ፣ ማጭድ፣ የምርምር ቢላም ጭምር ከታመመ ወደ ጤነኛ ያሻግረዋል። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስታልፊ ቢላሽን በአልኮል ጥረጊ። ጤነኛ የሚመስለውን አስቀድመሽ፣ የታመመውን ወደ መጨረሻ አድርጊ። ከማሳ ስትወጪ የጫማሽን አፈር አራግፊ። የቆረጥሽውን የተረፈ እንጨት ለገበሬው ማገዶ እንዲሆን ወደ ቤት አታስወስጂ፤ እዚያው ማሳው ላይ አብራችሁ አቃጥሉት።